አውራ ጣት

ከሐይቁ ከፍ ብሎ፣ በቆርቆሮው ቤት፣
ጸሐፊ ነበርሁኝ፣ ፖክሃራ፣ አርባ ዓመት።
የሟች ወታደሮች ሚስቶች ተሰልፈው
አንድ ባንድ ሲመጡ፣ አውራ ጣት ዘርግተው፣
ሥራዬ አንድ ነበር፤ በዓመት አንዴ መጠየቅ፣
«በሕይወት አሉ ወይ?» መልሱን ማወቅ።
የሞተውማ ሰው አንዴ ነው የሚሞት፤
የኖረች ናት እንጂ ምስክር የሚያሻት።

ጃስማያ ጉሩንግ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ፣
ቅርጫቷን በጠፍር ከግንባሯ ይዛ፣
ሦስት የገመድ ድልድይ በእግሯ ተሻግራ፣
ትመጣለች ሁሌ ጭጋግ ሲለቅ ጋራ።
ባሏን ያወቀችው ስምንት ወር ብቻ ነው፤
በርማ ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው የቀረው።

ደብዳቤው ሲደርሳት፣ የሚያነብ ሰው ጠፍቶ፣
ማኅተሙ ስላማራት፣ ምሰሶ ላይ ተሰክቶ
ሦስት ሳምንት ከረመ። ለጎረቤት ሁሉ
«ባሌ ጻፈልኝ» አለች። «እሰይ! እሰይ!» አሉ።
አንባቢ መምህር ወንዙን ሲሻገር፣
ማሕፀኗ ውስጥ ልጇ ይራገጥ ነበር።

መቃብር የለውም፤ ድንጋይ ላይ ነው ስሙ፣
አላየችው እሷ፣ አላየም ወንድሙ።
ያየ ሰው ነገራት፦ አንዲት ፊደል ጎድላ
ባሏን አርጋዋለች የማይታወቅ ሌላ።
«ይታረም» እያልኩኝ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፤
መልሱ አልመጣም፤ «ይመጣል» ስል ዋሸሁ።

«ሜዳልያዋ የት ናት?» አልኳት አንድ ጧት።
«ከዘር ዳጉሳ ጋር ማሰሮ ከተትኳት፤
የምቀብረው ነገር ሌላ ምን አለና?»
አለችኝ። ተነሥታ ሄደች እንደገና።

ልጇ ቴጅማን፣ አባቱን ያላየ፣
አሥራ ስምንት ሲሞላው ካጠገቧ ታየ።
ከጎን ባለው ክፍል ምልመላ ነበር፤
ገባ ሸሚዝ አውልቆ ደረት ለመስፈር።
እሷ ከግድግዳው ጀርባዋን ሳትለቅ፣
ተቀምጣ ቆጠረች የወለሉን ስንጥቅ።
ወጣ አንገቱን ደፍቶ፦ «ደረቴ ጠበበ፤
ሁለት ጣት ጎደለኝ።» እንባው ዓይኑ ላይ ረበበ።

ጃስማያ ሳቀች!
ያኔ ነው ያየሁት
ፍንጭት እንዳላት፤ ባሥራ ሁለተኛው ዓመት።
ስኳር ገዝታ መጣች በደረሳት ገንዘብ፣
ለኔም፣ ለዘበኛው፣ ለሰልፉ ሁሉ ሕዝብ።
በሁለት ጣት ብቻ ሞቱን እንዳለፈ
አልገባውም ልጁ። ሦስት ዓመት አኮረፈ።

ኋላ፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ አንድ መኸር መጥታ፣
ወረቀቱ ላይ ቀረ የጠቆረ ቦታ።
መስመር የለው፤ ጠፍቷል። ደገምኩት፣ ሠለስኩት።
«እማማ፣ አሻራዎ የታል?» ብዬ ጠየቅኋት።
«ወፍጮው በላው» አለች፤ «ድንጋዩ፣ ማጭዱ፣
ቅርጫቱ፣ ገመዱ፣ ያንተም ቤት መንገዱ።
ከፈለግከው፣ ልጄ፣ መጁን ጠይቀው፤
እሱ ነው የኔን ጣት አልሞ የሰለቀው።»

ደንቡ ግልጽ ነበር፦ «አሻራ ከሌለ
ክፍያው ይቁም» ይላል። እጄ ተንጠለጠለ።
ከዚያ የራሴን ጣት ቀለም ውስጥ ነከርሁ፤
እስከ ስድስት ዓመት ስለሷ ፈረምሁ።

በሰባተኛው ዓመት ቴጅማን ብቻውን
መጣ፤ ይዞልኝ ነው ዘር ዳጉሳዋን።
እሱም ሸብቶ ኖሯል። ጨርቁን ፈታልኝ፣
«ላንተ ይድረስ ብላ ነው» ብሎ ሰጠኝ።
«ሜዳልያዋሳ?» ስል፣ «እጇ ውስጥ አርገን፣
ሁለቱን ባንድ ጉድጓድ አብረን ቀበርን።»

ከመዝገቡ ፊት ላይ፣ በመጀመሪያው ቅጠል፣
የናርጃንግ አውራ ጣት ዛሬም ቁልጭ ይላል፤
እርከን በላይ እርከን፣ መስመር በላይ መስመር፣
እሷ ስታርሰው እንደኖረች ምድር።
ካጠገቡ ያለው፣ የሷ ነው የተባለው፣
የስድስት ዓመት ጣት፣ የኔ ነው፤ ማን ያውቀው?

«ሞታለች» ብዬ ጻፍሁ፤ ዓምዱ ሞላ፣ አለቀ።
ለሷ ያረጠብኩት ቀለም ገና አልደረቀ።